ከፊት ወንበር ሥር

መጀመሪያ ሽታ ነበር፤
ሳይደርቅ የታጠፈ ፎጣ፣ የቆየ ሽታ።
ከዚያ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለበሰ፣ ማታ ማታ።
ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ፍሬን ልይዝ ስረግጥ፣
ምንጣፉ ጯ አለ፤ ካልሲዬ ራሰ ከጫማዬ ውስጥ።

ትሮልሄታን፣ ኅዳር ነው፤
ዝናብ እዚህ አይጥልም፤ ተከራይቶ ነው የሚኖረው።

መኪናዋ ሳብ ናት፤ ከእኔ በፊት ሦስት ባል የፈታች፣
በአራት ሺህ ክሮና እጄ የገባች፣
ጣሪያዋ ላይ መስኮት ያላት።
"ሰማይ ላይ መስኮት ከፍተሽ" አልኳት፣
"ዝናብ ገባ ብትይ ማን ይሰማሻል?"
ጥፋተኛው ታወቀ፤ ምን ይመረመራል?

ቅዳሜን ሙሉ ጎብጬ ዋልኩ።
ከመስኮቱ ክፈፍ ሥር፣ በአራቱም ማዕዘን፣
ምስር የምታህል ቀዳዳ አገኘሁ። "ያዝኩሽ!" አልኩ።
በሲሊኮን ደፈንኩ፣ በአውራ ጣቴ ዳመጥኩ፣
ስፌቱ እንዳማረለት ሐኪም ራሴን አመሰገንኩ።

እሑድ ዘነበ።
ሰኞ፣ የማቆሚያ ደረሰኝ ከወንበሩ ሥር ተንሳፈፈ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ።
ከሌሊት ሥራ ስመለስ ባትሪ ይዤ እገባለሁ፤
የሽንት ቤት ወረቀት በየስፌቱ እለጥፋለሁ፣
የሕፃን ፓውደር እነሰንሳለሁ፣
ውሃው በዱካው እንዲፈርምልኝ።
ፈረመ፤ ግን አታለለኝ፤
ትናንት ከሬዲዮው ኋላ፣ ዛሬ ከበሩ ምሰሶ፣
ነገ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ውስጥ ለውስጥ ገስግሶ።
ውሃ የደረሰበትን ነው የሚያሳይ፤
የገባበትን ብትጠይቀው፣ እንደ ሌባ ዘመድ ዓይንህን አያይ።

ጉንቮር ከሁለተኛ ፎቅ ሳምንት ሙሉ አየችኝ።
በስምንተኛው ቀን፣ በቤት ጫማ፣ የአበባ ማጠጫ ይዛ ወረደችልኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ፋብሪካው እስኪዘጋ፣
ለእነዚህ መኪኖች የበር ጎማ አልብሳለች፣ ክረምት ከበጋ።
"ግባና ተቀመጥ፤ መብራቱን አንተ ያዝ፤ አፍሳሿ እኔ ነኝ።
ከታች ነው የሚጀመር። ከላይ ካፈሰስን ሁሉም ይረጥባል፤
ያን ጊዜ ማን ይከሰሳል?"

በሩ ደረቅ። የፊት መስታወቱ ደረቅ።
ጣሪያው ላይ ስትደርስ፣ ጆሮዬ ሥር አንድ ነገር ጉርጉር አለ፣
ከዚያ ቅዝቃዜው በማጅራቴ ገብቶ እስከ ወገቤ ዘለቀ።

መስኮቱን ከፈተች። ሲሊኮኔን አየች። ዝም አለች።
ከዚያ ሳል እስኪይዛት፣ ኮፋኖውን ተደግፋ ሳቀች።
"ይህን ቀዳዳ ማን የበሳው መሰለህ? እኛው ነን!
ውሃ በጣሪያው ይገባል፤ መግባቱ ታውቆለታል፤
በቱቦ ወርዶ፣ ከፊት ጎማው ኋላ፣ ሹልክ ይላል።
እንግዳን መውጫ በሩን ስትቆልፍበት፣
ሳሎን ያድራል እንጂ የት ይሂድበት?"

ለካ አንዱን ቱቦ የጥድ ቅጠል ዘግቶት ኖሯል፤
የቀሩትን ሦስቱን፣ እጄ ይባረክና፣ ጨርሶለታል።

በኪሮሽ መርፌ ሲሊኮኑን ነቀለች፣
የብስክሌት ፍሬን ሽቦ በቀስታ ሰደደች።
እኔ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኬ፣ ጎማው ኋላ አፍጥጬ፦
መጀመሪያ ምንም።
ከዚያ ጥቁር አተላ።
ከዚያ ቡላ። ከዚያ ጠራ፤ ቀጭን ክር ሆነ።
"መጣ! መጣ!" ብዬ ጮህኩ፣ በአማርኛ፤
እሷም፣ ማን እንደተረጎመላት እንጃ፣ "አዎ፣ አዎ" አለች በስዊድንኛ።

ስንት ልክፈል አልኳት። መልስ የለም።
በሩን ከፍታ ጎማውን በአውራ ጣቷ ዳር እስከ ዳር ዳሰሰች፣
ማዕዘኑ ላይ ቆመች።
"ይህ የእኔ እጅ አይደለም፤ የማይብሪት ነው።
ማዕዘን ላይ ትቸኩል ነበር፤ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ነው።"
ጥቂት ቆይታ፣ "ሚያዝያ ላይ ያፈሳል። አሁን ተወው።"

ዛሬ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ ቀሰቀሰኝ።
ወርጄ ምንጣፉን ዳሰስኩ፤ ጋዜጣ ጠቅጥቄበት
ገና እርጥብ ነው፣ አልዋሽም።
ግን ከጎማው ኋላ፣ በጨለማው፣
ጠብ፣
ጠብ፣
እንግዳው ጫማውን ሲያደርግ ይሰማል።